«ከሲሊከን 10 እጥፍ የፈጠነ»? እስቲ ረጋ እንበል

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ከቻይና ባልደረቦቻቸው ጋር በግራፊን የሠሩትን ሴሚኮንዳክተር ይፋ ሲያደርጉ፣ የሲሊከን ዘመን አበቃ፣ የሰው ልጅም ወደ አዲስ ምዕራፍ ገባ የሚል ዜና አንብባችሁ ይሆናል። ቆይ፣ ገና ቺፕ እኮ አልተሠራም! 10 እጥፍ የተባለው ኤሌክትሮኖች በቁሱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱበት ቅልጥፍና ነው። ስልካችሁ 10 እጥፍ ይፈጥናል ማለት አይደለም።

ዋናው ቁም ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ግራፊን በ2004 ማንቸስተር ውስጥ ተለይቶ ከተጠና ጀምሮ በፍጥነት ታምቶ አያውቅም፤ ችግሩ አልጠፋ ማለቱ ነው። ትራንዚስተር ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የማይዘጋ ቧንቧ ምን ይሠራል? ተራው ግራፊን «የኃይል ክፍተት» የሚባለው ስለሌለው ኤሌክትሪኩን በደንብ አይዘጋም። እነዚህ ሰዎች በሲሊከን ካርባይድ ላይ አሳድገው 0.6 ኤሌክትሮን ቮልት ክፍተት አገኙለት። ለእኔ ትልቁ ዜና ይሄ ነው፤ በርዕስ ላይ ግን አይሸጥም መሰለኝ።

ደግሞስ የፕሮሰሰሮች የሰዓት ፍጥነት ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እንደ ድሮው መጨመሩን ያቆመው ኤሌክትሮን ስለዘገየ ሳይሆን ሙቀቱ ስላስቸገረ ነው።

ታዲያ አዲስ ቁስ ወደ ቺፕ አይገባም ወይ? ይገባል እንጂ። በትራንዚስተሮች ውስጥ ያለው የሲሊከን ኦክሳይድ ሽፋን ከመሳሳቱ የተነሳ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ፣ ኢንቴል በ2007 ሃፍኒየም ባለበት ሽፋን ተካው። ሲሊከኑ ግን ከሥር እዚያው ቀረ።