«የማን ልጅ ናት?»

ሰው ከተፈጥሮው የተሸፈነውን ነገር ገልጦ ማየት ይወዳል። ድስት ተከድኖ ሲያይ ሕፃን ልጅ ክዳኑን ያነሣል፤ አዲስ ሰው ወደ ሰፈር ሲገባም ገና ጓዙ ሳይፈታ ወሬው ይፈታል። የትርኢት ደራሲዎች ይህን የሰው ጠባይ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ ማንነቱ የማይታወቅ አዲስ ሰው በታሪካቸው መካከል ያስገባሉ፤ ተመልካቹም «ይህ ሰው ማን ይሆን?» እያለ ከሳምንት ሳምንት ይከተላቸዋል። ነገሩ እንደ ብድር ያለ ነው። ደራሲው የተመልካቹን ትዕግሥት ይበደራል፤ በመጨረሻም መልሱን ሰጥቶ ዕዳውን ይከፍላል። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት፣ የተከፈለው ነገር አነሰን ብለው ብዙ ተመልካቾች የተቈጡበትን አንድ የቴሌቪዥን ትርኢት ነው። ቍጣቸው ስለ ትርኢቱ ብቻ ሳይሆን ሰውን ስለምንመዝንበት ሚዛንም የሚያስረዳ ይመስለኛልና።

ትርኢቱ «ዶክተር ሁ» ይባላል። «ሁ» ማለት በእንግሊዝኛ «ማን» ማለት ስለ ሆነ፣ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። የእንግሊዝ አገር ቢ.ቢ.ሲ. ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ዶክተር የተባለው ባለ ታሪክ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ታርዲስ በምትባል ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በዘመናት መካከል የሚመላለስ፣ ሊሞት ሲቃረብም መልኩን ለውጦ እንደ ገና የሚነሣ ፍጡር ነው። በመጀመሪያው ምሽት የታየው ታሪክ የተጀመረው ግን በእርሱ ሳይሆን ሱዛን በምትባል አንዲት ተማሪ ነው። ሁለት አስተማሪዎችዋ፣ አንዱ የሳይንስ፣ አንዷ የታሪክ፣ ዕውቀትዋ ግራ አጋባቸው። በሳይንስ ከአስተማሪዋ ትበልጣለች፤ የእንግሊዝ ገንዘብ ግን በዚያ ዘመን በዐሥር የማይከፈል መሆኑን አታውቅም። አስተማሪዎቹም ነገሩ ቢያሳስባቸው ወደ ቤትዋ ተከትለዋት ሄዱ፤ የትርኢቱ ሁሉ መነሻም ይህ ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ዶክተር ሁ» ምስጢራቸው የተሸፈነ ብዙ እንግዶችን አስተዋውቋል።

ከእነዚህ አንዷ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 25 ቀን 2023 የታየችው ሩቢ ሰንዴይ ናት። ታሪኩን የጻፉት ራስል ቲ. ዴቪስ ናቸው። ሩቢን ሆና የተጫወተችው ሚሊ ጊብሰን ስትሆን፣ ዶክተርን ሆኖ የተጫወተው በሩዋንዳ ተወልዶ በስኮትላንድ ያደገው ሹቲ ጋትዋ ነው። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በፈረንጆች የገና ዋዜማ ሌሊት፣ ፊትዋን በቆብ የሸፈነች ሴት አንዲት አራስ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አስቀምጣ በበረዶው ውስጥ ሄደች። ያገኙአትም ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑ በሚገኝበት መንገድ ስም ሩቢ አሏት። ካርላ ሰንዴይ የምትባል ሴት ተቀብላ አሳደገቻት። ሩቢ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ከዶክተር ጋር ተገናኘች፤ ልብዋ ግን «እናቴ ማን ናት?» ከሚለው ጥያቄ አላረፈም።

እኔ ይህን ትርኢት ከእኅቴ ልጆች ጋር ሆኜ ተከታተልሁ። ደራሲው ምስጢሩን እንዴት አድርገው እንዳጠበቁት ለማየት ችያለሁ። ሩቢ ያን ሌሊት ባሰበች ጊዜ፣ ቤት ውስጥ እንኳ ብትሆን በረዶ ይወርድባታል። ማኤስትሮ የተባለ ክፉ መንፈስ በነፍስዋ ውስጥ የተሰወረ ዜማ አገኘና ደነገጠ። ቆብ የደፋችው ሴትም በሌሊቱ ትዝታ ውስጥ ዘወር ብላ ጣትዋን ስትቀስር ታየች። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ሰው ምን ያስብ? የእኅቴ ልጆች እናቲቱ አምላክ ቢጤ ናት፣ የለም የዶክተር ዘመድ ናት እያሉ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር። ተራ ሰው ትሆናለች ያለ ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን በጥንት ታሪክ ሁሉ የትልቅ ሰው ልጅ ሆኖ ይገኛል። በተራራ ላይ የተጣለው የግሪኮቹ ኤዲፐስ የንጉሥ ልጅ ነው። ሮምን ቈረቈሩ የሚባሉት ሁለቱ ወንድማማች፣ ሮሙሉስና ሬሙስ፣ አባታቸው ማርስ የሚባለው የጦር አምላክ እንደ ነበረ ይተረካል። በእኛ ዘመንም «ስታር ዎርስ» በተባለው ፊልም ውስጥ ሬይ የምትባለው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ወላጆችዋ ምንም ያልነበሩ ሰዎች መሆናቸው ተነገራት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ቀጣይ ፊልም ግን ነገሩ ተገለበጠና የንጉሠ ነገሥቱ የፓልፓቲን የልጅ ልጅ ናት ተባለ። ፊልሙ ሬይን ያለ ትልቅ ዘር መተው ያልደፈረ ይመስላል።

ራስል ዴቪስ ግን ደፈሩ። እ.ኤ.አ. በጁን 22 ቀን 2024 በታየው የመጨረሻ ክፍል የእናቲቱ ማንነት ተገለጠ። ስምዋ ሉዊዝ ሚለር ነው። በዚያ ሌሊት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሕፃኗን በአስጨናቂ ቤት ውስጥ ከማሳደግ ይልቅ ለማያውቁአት ሰዎች አደራ መስጠትን መረጠች። ኋላም አድጋ አስታማሚ ነርስ ሆነች። ነገሩ ይኸው ነው።

ብዙ ተመልካቾች በዚህ ተቈጡ። ቍጣቸውን ግን ለሁለት ከፍለን ብናየው ይሻላል፤ አንደኛው እውነት አለበት፣ ሁለተኛው ግን የለበትም።

እውነት ያለበት ይህ ነው። ደራሲ ምልክት በሰጠ ጊዜ ለምልክቱ ኀላፊ ነው። በረዶው ለምን በቤት ውስጥ ወረደ? ዜማውስ ማንን ያህል ኀያል መንፈስ እንዴት አስደነገጠ? ለእነዚህ የተሰጠው ማብራሪያ፣ እናቲቱ ትልቅ የሆነችው ሁሉም ትልቅ ናት ብለው ስላሰቡ ነው የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በችኰላ በጥቂት ቃል ተነግሮ ታለፈ። ቆብ የደፋችው ሴት ጣትዋን የቀሰረችው የመንገዱን ስም ወደ ያዘው ሰሌዳ ነበር፤ የልጅዋ ስም ሩቢ ይሁን ማለትዋ ነው። ታዲያ ሕፃኗን የሚቀበሉት ሰዎች ገና ሳይወጡ ለማን ነበር የምታመለክተው? ይህን የሚጠይቅ ተመልካች ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ገበሬ ዐሥር ቁና እሰጣለሁ ብሎ አምስት ቢሰጥ፣ አምስቱ ምንም ያህል ንጹሕ እህል ቢሆን፣ ቃሉን አጕድሏል።

ሁለተኛው ቍጣ ግን «ይህን ሁሉ የጠበቅነው ለአንዲት ተራ ልጅ ነውን?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በታሪኩ ውስጥ የሚታየው ጠላት ሱቴክ ይባላል፤ ራሱን የሞት አምላክ የሚያደርግ፣ በዚህ ትርኢት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1975 የታየ ፍጡር ነው። ሱቴክ በዓለም ያለውን ሕይወት ሁሉ ትቢያ አደረገው። ሩቢንና ዶክተርን ግን አልገደላቸውም። ለምን? ስለ ራራላቸው አይደለም። ሁሉን የሚያይ ዐይኑ ያችን ቆብ የደፋች ሴት ሊያያት ስላልቻለ፣ ማን እንደ ሆነች እስኪያውቅ ድረስ ነው። ሩቢም ይህን ድካሙን አወቀች። የእናትዋን ስም የያዘውን መሣሪያ አሳየችው፤ እርሱም ለማወቅ ጓጕቶ በቀረበ ጊዜ መሣሪያውን ከመሬት ፈጠፈጠችው። በዚያች ቅጽበት ተጠመደ፤ ዶክተርም ድል ነሣው፤ የሞቱትም ሁሉ ተመለሱ።

እስቲ እነዚህን ሁለት ጠያቂዎች አስተያዩ። ሩቢም ሱቴክም የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ያች ሴት ማን ናት?» ነገር ግን ሱቴክ የሚፈልገው ምስጢሩን ነው፤ ሴቲቱ ትልቅ ካልሆነች አትረባውም። ሩቢ የምትፈልገው እናትዋን ነው፤ ንግሥትም ትሁን ነርስ እናትዋ ናት። ሱቴክ ያላያት ሴቲቱ በአስማት ስለ ተሰወረች አይደለም። ትልቅ ነገር ብቻ የለመደ ዐይን አንዲት የተጨነቀች የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከፊቱ ብታልፍ ምን ብሎ ያስተውላታል? እንግዲህ «ተራ ልጅ ናት ወይ!» ብሎ የተቈጣው ተመልካች፣ ሳያስበው ከሱቴክ ጐን ቆሟል ማለት ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ከላይ የቈጠርሁበትን ጕድለትም በብዙ ይክሰዋል።

ካርላንም አንርሳ። ካርላ ሠላሳ ሦስት ልጆችን ተቀብላ አሳድጋለች፤ ፎቶግራፋቸውም በማቀዝቀዣዋ መዝጊያ ላይ ተለጥፎ ይታያል። በመጀመሪያው ታሪክ ሩቢ በሕፃንነትዋ ተሰርቃ ከዘመን በተሰረዘች ጊዜ፣ ካርላ ሌላ ሴት ሆነች፤ ልብዋ የደረቀ፣ ልጆችንም ለገንዘብ ብቻ የምትቀበል። ዶክተር ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ወደዚያች ሌሊትም ተመልሶ ሕፃኗን አዳናት። ይህን ትርኢት በማስተዋል ያየ ሰው፣ ስለ ሩቢ መጠየቅ ለሚገባው ጥያቄ መልሱን ከመጀመሪያው ቀን አግኝቶታል። ሩቢ ማን ናት ቢባል፣ አንዲት ሴት በእርስዋ ምክንያት ደግ የሆነችላት ልጅ ናት። የእናትዋ ስም ቢታወቅ ደስ ይላል፤ ባይታወቅም ይህ አይጐድልም።

እኛ ይህን ታሪክ የባዕድ ነው ብለን አንለፈው። በአገራችን ሰው የሚጠራው በስሙና በአባቱ ስም ነው፤ ለእንግዳ የሚቀርበውም ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። በማስተምርባቸው ዓመታት የተማሪ መዝገብ ስሞላ፣ በአባት ስም ፋንታ የአያቱን ወይም የአሳዳጊውን ስም የሚያስጽፍ ልጅ ያጋጥመኝ ነበር። ጓደኞቹ ሲጠይቁት አንዳንዱ ዝም ይላል። አንዳንዱ ግን አባቴ አውሮፕላን ነጂ ነው፣ አባቴ በባሕር ማዶ ትልቅ ሹም ነው እያለ ተረት ይፈጥራል። ውሸታም ነው ብለው የሚስቁበት ልጆች ነበሩ። ነገር ግን ያን ውሸት ማን አስተማረው? አባቱ ትልቅ ሰው ካልሆነ በቀር እርሱም እንደማይቈጠር ከእኛ ከታላላቆቹ አይደለምን የተማረው? ኤዲፐስንና ሬይን የፈጠረው ልማድ ያንንም ልጅ አስዋሸው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ በትርኢትም ሆነ በኑሮ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ለማወቅ መጓጓታችሁ ነውር አይደለም። ነገር ግን ጉጉታችሁ ሰውየውን የሚፈልግ ወይም ምስጢሩን ብቻ የሚፈልግ መሆኑን መርምሩ። መመርመሪያውም ቀላል ነው፤ መልሱ ተራ ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚሰማችሁ ተመልከቱ። የምትወዱት ሰው አባት አናጢ፣ እናቱም እንጀራ ሻጭ ሆነው ቢገኙ ወዳጅነታችሁ የሚቀንስ ከሆነ፣ ከመጀመሪያውም የወደዳችሁት እርሱን አልነበረም።

በታሪኩ መጨረሻ ዶክተር ሩቢን «እናትሽ እስከ ዛሬ አልፈለገችሽምና ተያት» ብሎ ሊመክራት ሞክሮ ነበር። ምክሩ ከክፋት አልነበረም፤ እርሱ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2020 በታየው ታሪክ ተጥሎ የተገኘ ልጅ መሆኑ ተነግሮታልና፣ ሐዘኑን ያውቀዋል። ሩቢ ግን አልሰማችውም። እናትዋ ወዳለችበት ቡና ቤት ገብታ ማን እንደ ሆነች ነገረቻት። በዚያ በረዶም አልወረደ፣ የተሰወረ ዜማም አልተሰማ፤ ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ ከትርኢቱ ሁሉ አብልጬ የወደድሁት ይህን ነው፤ ሳታዩት የቀራችሁ ካላችሁም እስከዚህ ድረስ ታግሣችሁ እንድታዩት እመክራችኋለሁ።