ስለ መንዝ ጓሳ ጥናት የቀረበ ሒስ

ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊና ናይጄል ሊደር ዊልያምስ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የመንዝ ጓሳ ጥናት፥ ሰው በደረሰበት ሁሉ አራዊት ይጠፋሉ የሚለውን አስተሳሰብ ያርማል። ቄሮ በሚባለው ሥርዐት ጓሳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ከከብትና ከማጭድ ይከለከል ነበር። የታሰበው ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ነው፤ ሜዳው ሲጠበቅ ግን አይጡም፥ አይጥ አዳኙ ቀይ ቀበሮም ተረፈ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ቄሮን አፈረሰው፤ ግጦሹና አጨዳውም በዛ።

ይሁን እንጂ ጥናቱን ጠቅሰው ቄሮን የሚያወድሱ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ጥናቱ ራሱ እንደሚያስረዳው፥ መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ለሆነው ባለ ርስት እንጂ ለሁሉ አልነበረም። ዛሬ ጓሳን የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው። ታዲያ ከሣሩ ድርሻ የሌለው ሰው ቀበሮውን ምን ብሎ ይጠብቃል? የቄሮ ወዳጆች አስቀድመው ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው።