«አስመሳይ» ወይስ «መሳይ»? ስለ ቢራቢሮዎች ስያሜ የቀረበ ሂስ

ለአስተያየት የደረሰን የሥነ ሕይወት ቃላት ረቂቅ ብዙ የተደከመበት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የሌላውን ዝርያ መልክ የያዘውን ቢራቢሮ «አስመሳይ»፣ የሚመሰለውን ደግሞ «አርአያ» ማለቱን አንቀበለውም።

አስቀድመን ነገሩን እንመልከት። ዳናውስ ክሪሲፐስ የተባለው ብርቱካንማ ቢራቢሮ፣ አባጨጓሬ ሳለ ከሚመገባቸው ወተታም ዕፅዋት መርዝ ሊያከማች ስለሚችል ወፎች ይሸሹታል። የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ እንስቷ በቀለሟ እርሱን ትመስላለች፤ ተባዕቱ ግን ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጫጭ ምልክቶች ስላሉት አያሳስትም። ሁለቱም ዝርያዎች በአገራችን ይገኛሉ። በመስክ የሚለዩት በኋላ ክንፋቸው ነው፤ የዳናውስ በመካከሉ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች ሲኖሩት፣ የእንስቷ ሂፖሊምናስ በፊተኛው ጠርዝ አንድ ብቻ አለው።

ረቂቁ ግን «ለማታለል መልኩን የሚለውጥ» ሲል ይፈታል። ይህን ያነበበ ሰው በመስክ ቆሞ የመልክ ለውጥ ይጠብቃል። ቢራቢሮዋ ግን የምትለውጠው ነገር የለም፤ መልኳ በተፈጥሮ ምርጫ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ነው።

የፍቹ ስሕተት ከስያሜው የመጣ ይመስለናል። «አስመሳይ» የምንለው ግብዝን ሰው ነው። «አርአያ»ም በግዕዝ መልክ ማለት ቢሆንም፣ የዛሬውን አንባቢ የሚያሳስበው በምግባሩ የሚከተሉትን ሰው ነው። እንግዲህ አንዱ ተነቅፎ ሌላው ተመስግኗል ማለት ነው።

አዘጋጆቹ «መሰለ»ን መምረጣቸው ትክክል ነው፤ የሳቱት አዕማዱን ነው። አስደራጊው «ማስመሰል» ሐሳብንና ተንኮልን ያስከትላል። አድራጊው «መምሰል» ግን ቤትስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለገለጸው፣ የሚበላው የማይበላውን ለሚመስልበት ሁኔታ ይበቃል። ሙለር በ1878 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ ሁለቱም የማይበሉ ሆነው አንድ መልክ የሚጋሩበት ሁኔታ ደግሞ ተደራራጊውን «መመሳሰል» ይጠይቃል፤ በዚያ አታላይ የለምና።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የሰሜን አሜሪካው ቫይስሮይ፣ ሞናርክ የተባለውን ቢራቢሮ ያለ መርዝ እንደሚመስል ለረጅም ዘመን ሲጠቀስ ኖሮ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ራሱም ለወፎች የማይጥም መሆኑን አሳየ። «አስመሳይ» ተብሎ ተመዝግቦ ቢሆን ስሙ ሐሰት በሆነ ነበር፤ በእኛ አከፋፈል ግን ከ«መምሰል» ወደ «መመሳሰል» ይዛወራል እንጂ ሥሩ አይነቀልም።

«መምሰል» ተራ ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሙያዊ ቃል ግን ትክክለኛ እንጂ እንግዳ እንዲሆን አይፈለግም። ስለዚህ «አስመሳይ» በ«መሳይ»፣ «አርአያ»ም በ«ዋና» እንዲተኩ፣ ፍቹም «ለማታለል» የሚለው ቀርቶለት እንደገና እንዲጻፍ እናሳስባለን።