አንድ መንገድ ጠያቂ

ቪኤክስላን፣ ጄኔቭ እና ቤርዩዲፒ ሥራቸው የሚመሳሰል የሊኑክስ ከርነል ድራይቨሮች ናቸው፤ ሦስቱም ፓኬትን በዩዲፒ ጠቅልለው በታነል ይልካሉ። ከመላካቸው በፊት ግን መንገድ መጠየቅ አለባቸው። ለዓመታት ሁሉም የሚጠይቁት በየራሳቸው ኮድ ነበር፦ መነሻና መድረሻ አድራሻውን ሙላ፣ ካሹን እይ፣ ከሌለ ከራውቲንግ ሰንጠረዡ ፈልግ። ቀጥሎ አንዲት የምወዳት ፍተሻ አለች፤ የተገኘው መንገድ ተመልሶ እዚያው ታነል ውስጥ የሚያስገባ ከሆነ ስህተት ብለህ መልስ ትላለች። አለዚያ ፓኬቱ በራሱ ዙሪያ ሊሽከረከር ነው። በጄኔቭ ኮድ ከጎኗ «ይህ የግድ ነው?» የምትል የፕሮግራመር ማስታወሻ ነበረች። ኮዱ ለቤርዩዲፒ ሲቀዳ ጥርጣሬውም አብሮ ተቀዳ!

እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ይህ ሁሉ ለአይፒቪ4 አንድ፣ ለአይፒቪ6 አንድ የጋራ ፈንክሽን ሆነ። ያስደነቀኝ አካሄዱ ነው፤ ለውጡ በትንንሽ ፓች ተከፋፍሎ መጣ። ለቤርዩዲፒ የተቀዳው ነባር ፈንክሽን ተዛወረ፣ የጎደለው ተጨመረለት፣ ከዚያ ድራይቨሮቹ ተራ በተራ ተሻገሩ። ተጠቃሚው ልዩነቱን አያውቀውም፤ ለእኔ ትልቁ ሙያ ይኸው ነው። ማስታወሻዋ ግን ከጽዳቱም ተርፋለች።