ከአጥሩ ማዶ ያሉት አባት

የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ቂሊንጦ አካባቢ ነው። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ግቢ ቤተ ሙከራ አለው፣ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ የንስሐ አባት የሚቀመጡበት ቢሮ ግን የለውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ደንግጓል። በብዙዎቹ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ኮሌጆች ካህኑ የኮሌጁ ባልደረባ ነው። እዚህ ግን ከበር የሚወጣው ተማሪው ነው፤ ሙስሊሙ ወደ ጁምዓው፣ ፕሮቴስታንቱ ወደ ኅብረቱ፣ ኦርቶዶክሱ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ወደሚሰበሰበው የተማሪዎች ስብስብ፣ ወደ ግቢ ጉባኤው።

ስለ ግቢ ጉባኤ ሲወራ ኮርሱና መዝሙሩ ይነሣል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የንስሐ አባቶቹ ሙያ ነው። በሀገር ቤት ካህኑ የሚይዙት ቤተሰቡን በሙሉ ነው። ጓዳውን ያውቃሉ፤ ጠበል ይረጫሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለክርስትናውም ለፍትሐቱም እሳቸው አሉ። ተማሪው ግን ብቻውን ይመጣል። ካህኑ እናቱን አያውቋቸውም፣ ያደገበትን ደጅ አላዩም። እሱ ከሚነግራቸው ጥቂት ቃል ተነሥተው ነው ሰውየውን መረዳት ያለባቸው።

ሙያው የገባቸው አባት ልጁን ፊት ለፊት አያፋጥጡትም። ሰው ከማይሰማበት ጥግ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ይሰማሉ። አያቋርጡም። የሌላ ሰው ስም ሲነሣ «እሷ ማናት?» አይሉም፤ ያቺ ሌላዋ በሚቀጥለው እሑድ ራሷ ልትመጣ ትችላለችና። ዝምታው ሲረዝምም ቃል አያቀብሉም፤ ልጁ የራሱን ቃል እስኪያገኝ ይጠብቃሉ። በአማርኛ የሚቸገር ሆኖ ካገኙት ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ወደሚችሉ ካህን ይልኩታል፤ ልጄን ተቀማሁ ብለው ቅር አይላቸውም።

ረቂቁ ሥራ ቀኖና መስጠቱ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ካህንን በሐኪም ይመስሉታል፤ መድኃኒቱ እንደ በሽተኛው አቅም ይመጠናልና። ልምድ የሌላቸው ካህን ለሁሉም አንድ ዓይነት ስግደት ያዝዛሉ። ሙያው የገባቸው ግን መጀመሪያ ይጠይቃሉ፦ «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው? ፈተናህ መቼ ነው? ምሳ የት ትበላለህ?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ካፌውም ምሳ የሚያቀርበው በራሱ ሰዓት ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ ምሳው ሊያልፈው ይችላል። ጨጓራዋን የሚያማት፣ መድኃኒት የምትወስድም አለች። ስለዚህ ቤተ ሙከራ የሚያመሸውን ስግደቱን ቀንሰው መዝሙረ ዳዊት ይሰጡታል። ኪሱ ባዶ የሆነውን ገንዘብ መጽውት አይሉትም፤ ካልኩለስ የከበደውን የዶርም ጓደኛውን ቁጭ ብሎ እንዲያስጠና ያዙታል። ከዚህ የተሻለ ምጽዋት አላውቅም።

ደግሞ ቀኖና የማይሰጡበት ጊዜ አለ። በፈተና መውደቁን እንደ ኃጢአት ተሸክሞ የሚመጣ ብዙ ነው፤ ከወረዳው አንደኛ ወጥቶ የመጣ ልጅ ሲወድቅ ወላጆቹን የገደለ ይመስለዋል። «ይሄ ንስሐ የሚገባበት ነገር አይደለም ልጄ» ብለው ያጽናኑታል፤ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለውም ወደ ክሊኒክ እንዲሄድ ያደርጉታል። ኃጢአትን ከኀዘን፣ ኀዘንን ከሕመም መለየት መቻላቸው ለእኔ የሙያው ጫፍ ነው።

ይህ ሙያ ሥር አለው። በደርግ ዘመን የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክረምት ዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። እሳቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ የዘመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚያው በጸሎት ተሰባሰቡ፤ ከዚያ የተነሣው ኅብረት በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሆኖ ግቢ ጉባኤያትን በየተቋሙ አደራጀ። ተማሪን ያለበት ድረስ ሄዶ፣ የሚያነበውን አክብሮ ማስተማር ከዝዋይ የተወረሰ ይመስለኛል።

ልጁ ተመርቆ ሲሄድ ሥራ የት እንዳገኘ ይጠይቁትና እዚያ ሌላ አባት እንዲይዝ ፈቅደው፣ በመስቀላቸው ባርከው ያሰናብቱታል። የሰሙትን ለማንም አያስተላልፉም፤ ሐዋሳም ይድረስ ድሬዳዋ፣ ለአዲሱ አባት የሚነግረውን የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው። ከወራት በኋላ ስልክ የሚደውሉም አሉ። የሚጠይቁት «አባት ያዝክ ወይ?» ብለው ብቻ ነው።