የሚጽፍለት የለውም

ባለፈው ወር ቸርችል ጎዳና ላይ ካለች አንዲት ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ስጠጣ ከኋላዬ አንድ ሰው በስልክ ሲስቅ ሰማሁ። ዘወር ያስባለኝ ሳቁ ነው። በውጭ ቋንቋ የሚያወራ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ በውጭ ቋንቋ እንዲህ ከሆዱ የሚስቅ ሰው ግን ብዙ አላየሁም። ቋንቋው ስፓኒሽ ነው። ሰውየው ደግሞ ጸጉሩ የሸበተ፣ የእኛው አገር ሰው። ስልኩን ዘግቶ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«መምህር!» ብሎ ተነሳ።

የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት የማታ ተማሪዬ ነበር። በዕድሜ እንኳ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ቀን ጋራዥ እየሠራ ማታ ማታ ይማር ነበር። ከማን ጋር እንዲህ እንደሚሳሳቅ ጠየቅሁት። «ከአንድ ጓደኛዬ ጋር፤ ሳሪስ ነው ያለው» አለኝ። አንዱ ሳሪስ፣ አንዱ ቸርችል፤ ሁለት ሐበሾች በስፓኒሽ!

ነገሩን ለማያውቁ ወጣት አንባቢዎች ትንሽ ልበል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በኦጋዴን ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ኩባ ወታደሮቿን ልካ ከእኛ ጎን ተዋግታለች። ከካፌዋ ብዙም የማይርቀው የትግላችን ሐውልት ለእነሱም ጭምር መታሰቢያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ አባታቸውን በዚያው ጦርነት ያጡ፣ ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ያረፉት በ1970 ዓ.ም ስሟ «የወጣቶች ደሴት» ተብሎ በተለወጠው ደሴት ላይ ነው። በፍራፍሬ እርሻ መካከል የተሠሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን እርሻ። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የናሚቢያ ልጆችም እዚያው ደሴት ላይ ይማሩ ነበር። የእኔ ተማሪ ሲሄድ ዕድሜው አሥራ ሁለት ነው።

«ቋንቋውን ለመልመድ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?» አልኩት። የመምህር ጥያቄ አይለቅም።

«ፈተና ያለፍኩት በዓመቴ ነው» አለኝ፤ «የለመድኩት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ኩባዎች ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን ‹ስ› ይውጧታል። እኔም የሰማሁትን ስጽፍ ደብተሬ በቀይ ይሞላል። አንድ ማታ አንድ የሞዛምቢክ ልጅ ሳሙናዬን ወሰደና ተጣላን። ጭቅጭቁ መሀል ላይ ድንገት ነቃሁ፤ ለካ ቃል እየፈለግሁ አይደለም! አፌ ከእኔ ቀድሟል። ከዚያ ወዲያ ቀልድ ሲነገር ከሰው እኩል መሳቅ ጀመርኩ። ድሮ ሁሉም ስቆ ሲጨርስ ነበር የምስቀው።»

ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ አገር ቋንቋ የሚለካው በወረቀት ነው። «ትችላለህ?» እንላለን እንጂ «ትኖርበታለህ ወይ?» ብለን አንጠይቅም። ልጆቻችንን እንግሊዝኛ ለማስተማር ከደመወዛችን ግማሹን እንከፍላለን፤ ተጣልተው መታረቅ፣ ቀልደው መሳቅ በየትኛው ቋንቋ እንደሚችሉ ግን ደንታ የለንም።

ሌላም ነገር አጫወተኝ። ለአማርኛ ተናጋሪ ስፓኒሽ የሚፈራውን ያህል ባዕድ አይደለም። ስፓኒሽ ተናጋሪ ራሱን ሲያመው «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይላል። «ራሴን ያመኛል» እንደምንለው፣ እዚያም ሕመሙ ነው ወደ ሰውየው የሚመጣው። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን የራስ ምታት ባለቤት ያደርገዋል። «ሜ ጉስታ»ም ከ«ደስ ይለኛል» ጋር በአሠራሩ ይቀራረባል። «ቱ» እና «ኡስቴድ» ደግሞ «አንተ» እና «እርስዎ» ናቸው። ስኳሩ «አሱካር»፣ ዘይቱ «አሴይቴ»፣ እርሻ ላይ ይለቅሙት የነበረው ፍሬ «ቶሮንሃ»፤ የኛን ትርንጎ አይመስልም? ዐረቦች ስፔንን ለዘመናት ገዝተው የተዉላቸው ቃላት እኛም ጋ በሌላ በር ገብተዋል። አሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ይህን ማን ነግሮት ያውቃል? ብቻ የሆነ ቦታ ላይ «ይሄ እንደ ቤታችን ነው» ማለት ጀመረ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የውጭ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። መጽሐፉን በእንግሊዝኛ እናነባለን፣ በአማርኛ እንወያያለን። አንድ ማታ ተራው የጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በመጽሐፍ የወጣችው የኮሎኔሉ ታሪክ። ርእሱን ከእንግሊዝኛው መልሼ «ለኮሎኔሉ ማንም አይጽፍለትም» አልኩ። ይህ ተማሪ ከመጨረሻው ወንበር እጁን አወጣ።

«ይቅርታ መምህር፣ መጽሐፉ እንደሱ አይልም። ‹ኮሎኔሉ የሚጽፍለት የለውም› ነው የሚለው።»

ክፍሉ ሳቀ። የሳቀው በሐሳቡ አልነበረም፤ በአነጋገሩ ነው። አማርኛው እንደ ኩባ ሰው ይወድቅና ይነሳ ነበር። እኔም ፈገግ አልኩና «ያው ነው፤ እንቀጥል» አልኩ።

ያው አልነበረም። «ማንም አይጽፍለትም» ሌሎች ሰዎች ስለማያደርጉት ነገር ይናገራል። «የሚጽፍለት የለውም» ግን ሰውየው ስላጣው ነገር ነው። ሽማግሌው ኮሎኔል የጡረታ ደብዳቤውን ፍለጋ በየዓርቡ ፖስታ የምታመጣዋን ጀልባ ይጠብቃል፤ ልጁ ሞቷል፤ የቀረው የልጁ አውራ ዶሮ ነው። ድህነቱ የሰው ድህነት ነው። ያንን ደግሞ የስፓኒሹን ርእስ ቃል በቃል መያዝ የሚችለው አማርኛ ከእኔ ይልቅ «አማርኛው ደካማ ነው» የተባለው ተማሪ አውቆታል። በሴሚስተሩ መጨረሻ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩለትን አልረሳሁትም፦ «ቋንቋህን አሻሽል»። የትኛውን?

ካፌዋ ውስጥ ያንን ማታ አነሳሁበት። አልረሳውም። «ትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ሲመጣ ስም ይጠራል» አለኝ። «እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር፤ አባቴ ኦጋዴን ቀርቷል። መጽሐፉን በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሳገኘው ርእሱን አይቼ ዝም ብዬ ቆምኩ። እኔ ነኛ!»

ይህን ያኔ ቢነግረኝ ኖሮ ኮርሱ በሙሉ ሌላ በሆነ ነበር። አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትማ።

«ታዲያ አማርኛውን ማን እርሳ አለው?» የሚል አይጠፋም። አልረሳም። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ የቆመ አማርኛ ይዞ ጎልማሳ ሆኖ ተመለሰ፤ እኛ ደግሞ ያንን የልጅ አማርኛ ሰምተን ሰውየውም ልጅ መሰለን። የላካቸው መንግሥት በ1983 ዓ.ም ወድቋል፤ ኩባም በዚያው ሰሞን ችግር ላይ ወድቃለች። የተመለሱት ወደማያውቃቸው አገር ነው። «ኩባዎቹ» አልናቸውና አለፍን። ለአገር ያመጡት ቋንቋ ለመሳቂያ ብቻ ዋለ።

ይኸው እስከ ዛሬ በስፓኒሽ የተጻፉ ልብ ወለዶች ወደ እኛ የሚደርሱት ባብዛኛው በእንግሊዝኛ በኩል ዞረው ነው። ውኃ በሁለት ማሰሮ ሲገለበጥ ይቀንሳል። ወንዙ ዳር የተቀመጡት ሰዎች ግን ሳሪስ አሉ፣ ቸርችል አሉ፤ ታላላቆቹ ስድሳን እየረገጡ ነው። አሳታሚዎች አንድ ጥሩ አማርኛ ጸሐፊና አንድ «ኩባ» ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሥነ ጽሑፍ ክፍሎችም እንዲሁ፤ የመጨረሻውን ወንበር ዞር ብሎ ማየት በቂ ነው።

ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብዬ ተሟገትኩ። እሱ ግን አስቀድሞ ከፍሎ ነበር። ስንለያይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። የሳሪሱ ሰውዬ ነው። ገና «ሃሎ» ሳይል መሳቅ ጀመረ።

ቸር እንሰንብት።