የሞተር ብስክሌት እንክብካቤ ቃላት በአማርኛ፦ የአንድ ረቂቅ ትርጉም ሂስ

የቴክኒክ መመሪያ ትርጉም እንደ ሌላው ጽሑፍ ሁሉ በዐይን ይነበባል፤ የሚፈተነው ግን በእጅ ነው። በታሪክ ወይም በልብ ወለድ መጽሐፍ አንድ ቃል ያለ ቦታው ቢገባ አንባቢው ቅር ይለው ይሆናል እንጂ የሚሰበር ነገር የለም። በጥገና መመሪያ ውስጥ ግን የተሳሳተ ግሥ የተሳሳተ ሥራ ያሠራል፤ ብሎን ይሰበራል፣ ሞተር ይነክሳል፣ ተጓዡም ከከተማ በራቀ ስፍራ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ረቂቅ ትርጉም ይህንኑ በግልጽ ስለሚያሳይ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ሆነ ለተርጓሚዎች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ረቂቁ ለአስተያየት የቀረበልን ገና ከመታተሙ በፊት ስለሆነ የተርጓሚውን ስም አንጠቅስም። ይዘቱ በአስፋልትና ከአስፋልት ውጭ ረጅም መንገድ ለመጓዝ የተሠሩ ሞተር ብስክሌቶችን ስለ መንከባከብና ስለ ማሻሻል ነው። በአብነት የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ የቀረበው የካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ነው፤ ምርጫውም ተገቢ ነው። ይህ ሞተር ብስክሌት 651 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር አለው። እስከ 2018 በካርቡሬተር ሲሠራ ቆይቶ በ2022 ሞዴል ላይ ካርቡሬተሩ በነዳጅ መርጫ ተተክቷል። አሠራሩ ያልተወሳሰበ በመሆኑ ብዙ ባለቤቶች ራሳቸው ይፈቱታል፣ ራሳቸው ይገጥሙታል። ስለዚህም መመሪያውን የሚያነበው መካኒክ ብቻ ሳይሆን ሙያውን ገና በመማር ላይ ያለ ተጓዥም ነው።

ረቂቁ የሚመሰገንበት ነገር አለው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ አኃዞቹም በጥንቃቄ ተላልፈዋል። ለምሳሌ በቫልቭና በካም መካከል ሊኖር የሚገባውን ርቀት «ክፍተት» ብሎ፣ ልኩም ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ለማስገቢያው ቫልቭ ከ0.10 እስከ 0.20፣ ለማስወጫው ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር መሆኑን አስፍሯል። «ክፍተት» ማንም የሚያውቀው፣ ከሌላ ነገር ጋርም የማይምታታ ቃል ስለሆነ እንዲህ ያለው ምርጫ ይበል የሚያሰኝ ነው። ሂሳችን የሚያተኩረው ከዚህ በታች በተዘረዘሩት ነጥቦች ላይ ይሆናል።

ሀ. ስለ ዓይነቱ ስያሜ

ረቂቁ ይህን የሞተር ብስክሌት ዓይነት «የጀብዱ ሞተር ብስክሌት» ይለዋል። ስያሜው ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። በአማርኛ ግን ጀብዱ ተፈጽሞ የታየ ሥራ ነው። ጀብዱ ሠራ የምንለው ከአደጋ ፊት ቆሞ ድል ያደረገውን፣ ሌላውም የመሰከረለትን ሰው ነው። ገና ከሱቅ የወጣን ዕቃ የጀብዱ ማለት ያልተሠራን ሥራ አስቀድሞ ማወደስ ይሆናል።

ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ፈር ከቀደዱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የቢኤምደብሊው አር 80 ጂ/ኤስ ነው። ጂ እና ኤስ «ጌሌንደ» እና «ሽትራሰ» የተባሉት የጀርመንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው መንገድ ያልወጣለትን ምድር፣ ሁለተኛው መንገድን ያመለክታል። የእንግሊዝኛው ስያሜ የነጂውን ስሜት ሲከተል የጀርመንኛው ጎማው የሚረግጠውን መሬት ይከተላል። አማርኛም በዚህ በኩል ድኻ አይደለም፤ አስፋልት፣ ፒስታ፣ ጥርጊያ፣ ኮረኮንች እያለ መንገድን በየዓይነቱ ይለያል። ስለሆነም እኛ «የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት» የሚለውን እንመርጣለን፤ ዝርዝር ባስፈለገ ጊዜም «ለአስፋልትና ለኮረኮንች የሚሆን» የሚል ማብራሪያ ይጨመርበታል። ሕዝቡ ከድምፁ ተነሥቶ የሰጠው «ዶቅዶቄ» የሚለው ስም ለመመሪያ ባይሆንም ከመዝገበ ቃላት ሊቀር አይገባውም።

ለ. ከጋራዥ ስለሚወሰዱ ቃላት

የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ የዚሁ ወገን ናቸው። ተርጓሚው ከእነዚህ ብዙዎቹን ትቶ በአማርኛ ወይም በግዕዝ ሥር አዲስ ቃል ለመፍጠር ሞክሯል። ዓላማውን አንነቅፍም፤ ውጤቱን ግን መመርመር ያስፈልጋል።

«ካንዴላ» ቀርቶ «የእሳት ብልጭታ ሰጪ» ተብሏል። ይህ ፍቺ ነው እንጂ ስም አይደለም። መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ በዚህ ስም የሚጠይቅ ተጓዥ የሚፈልገውን አያገኝም። «ማርሽ» ደግሞ «ጥርስ» በሚል ተተክቷል። ነገር ግን ጥርስ በጋራዡ ውስጥ ሥራ ይዟል፦ የብሎን ጥርስ አለ፣ ሰንሰለት የሚይዘው ክብ ብረት ጥርስም አለ። «ሁለተኛው ጥርስ» የተባለ እንደ ሆነ አንባቢው የትኛውን ብረት መቁጠር እንዳለበት አያውቅም፤ «ሁለተኛ ማርሽ» ሲባል ግን ማንም ነጂ ይገባዋል። «ካምቢዮ» እና «ማርሽ» ሁለቱም «ፍጥነት መለወጫ» በተባሉባቸው ገጾችም መካኒኩ ለይቶ የሚጠራቸው ነገሮች ተቀላቅለዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የ«ጎማ» ጉዳይ ነው። የኬኤልአር 650 የፊት ቸርኬ 21፣ የኋላው 17 ኢንች ሲሆን ሁለቱም ካላማዳሪ ይገባባቸዋል። ረቂቁ «ካላማዳሪ» እና «ቸርኬ» የሚሉትን ቃላት ባዕድ ናቸው በማለት ስላስወገደ ሦስቱንም ነገር «ጎማ» ይላል። እንግዲህ «ጎማውን አውጣ» የሚለውን ያነበበ ሰው ሙሉውን እግር ከሞተር ብስክሌቱ ይንቀል፣ ወይስ የውጭውን ጎማ ከቸርኬው ያላቅ፣ ወይስ ካላማዳሪውን ብቻ ይሳብ? ባዕዱ ቃል ለይቶት የነበረውን አገርኛው ቃል ደበላልቆታል።

ይህን ስንል የተዋሰ ቃል ሁሉ ይሻላል ማለታችን አይደለም። በጣልያንኛ «ካቴና» ሰንሰለት ነው፤ በአማርኛ ግን አስቀድሞ ትዝ የሚለው የፖሊሱ የእጅ ማሰሪያ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «ሰንሰለት» ማለቱ ልክ ነው። «መሪ»፣ «ነዳጅ»፣ «መለዋወጫ» የመሳሰሉት አገርኛ ቃላት ሥራውን አሳምረው እንደሚወጡም የታወቀ ነው። የፍሬን «ሸራ»ም እንዲሁ መልካም ምሳሌ ነው፤ ከጨርቅ ስም ተነሥቶ በታምቡር ውስጥ ወዳለው ማቆሚያ፣ ከዚያም ወደ ዲስክ ፍሬን ተሸጋግሯል። መመሪያው ሁለቱን መለየት ካስፈለገው «የታምቡር ሸራ»፣ «የዲስክ ሸራ» ማለት ይበቃል። መለኪያው የቃሉ ትውልድ ሳይሆን የሚለየው ነገር ነው።

ሐ. ስለ ግሦች

ስሞች ቢሳሳቱ አንባቢው ሥዕሉን አይቶ ሊያርማቸው ይችላል፤ ግሥን የሚያርም ሥዕል ግን በቀላሉ አይገኝም። የረቂቁ ዋነኛ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው።

ኬኤልአር 650 ሦስት ሰንሰለቶች አሉት፦ አንዱ ኃይልን ወደ ኋላ እግር የሚያደርስ፣ ሁለተኛው ካሞቹን የሚያዞር፣ ሦስተኛው የሞተሩን ንዝረት የሚያበርዱትን ሁለት ሚዛኖች የሚያዞር ነው። የሚዛኖቹ ሰንሰለት እያረጀ ሲላላ የሚወጥረው በሞተሩ ግራ ክፍል የተሸሸገ ትንሽ ክንድ ነው። ክንዱን ሞላ ይስበዋል፤ አንድ ብሎንም ባለበት ይቆልፈዋል። በየጊዜው የሚሠራው ሥራ አጭር ነው፦ ብሎኑ ጥቂት ይላላል፣ ሞላው ክንዱን ይስባል፣ ክንዱ ሰንሰለቱን ይወጥራል፣ ብሎኑ ተመልሶ ይጠብቃል። ብሎኑ ራሱ ሰንሰለቱን አይወጥርም፤ ሥራው መቆለፍ ብቻ ነው።

ረቂቁ ይህን እንዲህ ይለዋል፦ «ሰንሰለቱን ለማጥበቅ የማጥበቂያውን ብሎን ፍታና መልሰህ በደንብ አጥብቅ»። በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አራት ችግሮች አሉ።

አንደኛ፣ «ሰንሰለቱን» ሲል ከሦስቱ የትኛውን እንደሆነ አይናገርም። ሁለተኛ፣ «ማጥበቅ» ለሰንሰለቱም ለብሎኑም ገብቷል። ስለዚህ አንባቢው ብሎኑን በኃይል ባጠበቀ ቁጥር ሰንሰለቱ የሚወጠር ይመስለዋል። ሦስተኛ፣ «ፍታ» ማለት በአማርኛ ለይቶ ማውጣትንም ይጨምራል፤ ዕቃ ሲበተን «ተፈታ» ይባላልና። እዚህ የሚፈለገው «ማላላት» ነው፤ ብሎኑ ከቦታው መውጣት የለበትም። አራተኛ፣ «በደንብ» ልክ አይደለም። የሞተሩ ገላ አሉሚኒየም ስለሆነ ጉልበት ሲበዛበት የብሎን ጥርስ ይበላል፤ ዋናው መመሪያ የማጥበቂያውን ኃይል በአኃዝ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

እኛ እንደሚከተለው እንዲታረም ሐሳብ እናቀርባለን፦ «የሚዛን ሰንሰለት ወጣሪ ክንድ ቆላፊ ብሎን ይላላ፤ ነገር ግን አይውጣ። ሞላው ክንዱን ስቦ ሰንሰለቱን ይወጥራል። ከዚያ በኋላ ብሎኑ በተሰጠው ልክ ይጥበቅ።» እንዲህ ሲሆን ብሎን «ይላላል፣ ይጠብቃል»፤ ሰንሰለት «ይወጠራል፣ ይረግባል»፤ ዕቃ «ይፈታል፣ ይገጠማል»። ሦስት ጥንድ ግሦች ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይይዛሉ ማለት ነው። «ይላላ»፣ «ይጥበቅ» የሚለው አነጋገር ሌላም ጥቅም አለው፤ ወንድ ሴት፣ አንተ እርስዎ ሳይል ለሁሉም ይሆናል። ረቂቁ ግን በአንዱ ገጽ «አጥብቅ»፣ በሌላው «ያጥብቁ» እያለ ይቀላቅላል።

መ. ስለ «እንትን»

ከላይ የጠቀስነው ክንድ በታሪኩ ለቃላት አጥኚ የሚገርም ነገር አለው። በብዙ ሞተሮች ላይ ሞላው እየረገበ ወይም ክንዱ እየተሰበረ ስላስቸገረ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ባለቤቶች አዘውትረው አነሡት፤ ስሙ ግን አልያዝላቸው ስላለ «ዱሂኪ» አሉት። ቃሉ ስሙ ለጊዜው ለጠፋ ለማንኛውም ዕቃ የሚባል ሲሆን የአማርኛ አቻው ያለ ጥርጥር «እንትን» ነው። ከጊዜ በኋላ የስም ማጣት ቃሉ ራሱ ስም ሆነ፤ በኬኤልአር ባለቤቶች መካከል ዱሂኪ ከተባለ ያ ክንድ እንጂ ሌላ አይደለም።

ተርጓሚው ዱሂኪን «ማጥበቂያ» ብሎታል። በዚህም ክንዱን፣ ሞላውንና ብሎኑን በአንድ ስም ጠቅልሏቸዋል። መዘዙ ቀላል አይደለም። ሞላው የረገበ እንደ ሆነ ብሎኑን ማላላት ሰንሰለቱን አይወጥረውም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ክንዱ የተሰበረ እንደ ሆነም ስባሪው ሞተሩ ውስጥ ይወድቃል። አንባቢው የትኛው አካል እንደታመመ እንዲያውቅ ሦስቱ ለየብቻ መሰየም አለባቸው። «ወጣሪ ክንድ»፣ «ሳቢ ሞላ»፣ «ቆላፊ ብሎን» ያልነው እያንዳንዱ ከሚሠራው ሥራ ተነሥተን ነው። በጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ረዳቱን «እንትኑን አቀብለኝ» ቢለው ረዳቱ እጁን አይቶ ይረዳዋል። መጽሐፍ ግን የሚጠቁምበት እጅ የለውም።

ሠ. ስለ «ጥገና» እና ስለ «ማሻሻል»

ረቂቁ በየተወሰነው ኪሎ ሜትር የሚደረገውን ሥራ ሁሉ «ጥገና» ይለዋል። መጠገን ግን ስብራትን ያስቀድማል፤ ወጌሻ የሚጠግነው የተሰበረን አጥንት ነው። ዘይት መለወጥ፣ የቫልቭ ክፍተት መለካት፣ ሸራ መመርመር ግን ሳይሰበር የሚደረግ ነው። «ጥገና» የሚለውን ያነበበ ሰው ሞተሩ እስኪያጓራ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ለዚህ «እንክብካቤ» ወይም በየከተማው የሚነገረው «ሰርቪስ» ይሻላል፤ «ጥገና» ለተበላሸው ብቻ ይቀመጥ።

«ማሻሻል» ደግሞ በተቃራኒው እጅግ ሰፍቷል። ደካማውን ወጣሪ ክንድ በጠንካራ መለወጥ፣ ጓዝ ለሚጭን ሰው የፊት ሞላዎችን በጠጣር መተካት፣ አሮጌን መብራት በአዲስ ዓይነት መለወጥ ሦስቱም «ማሻሻል» ተብለዋል። ሆኖም የመጀመሪያው «ማጠንከር»፣ ሁለተኛው ለጭነቱ «ማስማማት»፣ ሦስተኛው «ማዘመን» ነው። ልዩነቱ ለገንዘብም ይጠቅማል፤ ማጠንከር ለሞተሩ ደኅንነት አስፈላጊ ሊሆን ሲችል ማዘመን ሊቆይ ይችላልና። «ማሻሻል» ለምዕራፉ ርእስ ሆኖ ቢቀር፣ በዝርዝሩ ውስጥ ግን ሦስቱ ግሦች በየቦታቸው ቢገቡ ተጓዡ የቱን እንደሚያስቀድም ያውቃል።

በአጠቃላይ ረቂቁ ሊታተም የሚገባው፣ ከመታተሙ በፊት ግን መታረም ያለበት ሥራ ነው። ለተርጓሚዎች የምንሰጠው ምክር ይህ ነው፦ ጋራዡ የለየውን አትደበላልቁ፤ ጋራዡ «እንትን» ያለውን ከሥራው ተነሥታችሁ ሰይሙ፤ ከስሞች በፊት ግሦቻችሁን መርምሩ። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም «ማላላት»፣ «መፍታት»፣ «ማጥበቅ»፣ «መወጠር» የሚሉትን ቃላት በተራ ፍቻቸው ብቻ ሳይሆን በመካኒክ ሙያ ባላቸው ፍቺም እንዲመዘግቡ እናሳስባለን። የታረመው ረቂቅ ከመታተሙ አስቀድሞ አንድ ሰው ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ጽሑፉን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ኪያቤና ካቻቪቴ ይዞ በሞተሩ ላይ የሰማውን ብቻ እየሠራ ቢፈተን፣ ከማንኛውም የሂስ ጽሑፍ ይልቅ ስሕተቱን ያወጣዋል።